በሶኮሩ ቁልቁለት ዝናብን ማሳ ላይ ማስቀረት፦ እስካሁን የደረስንበት

ጅማ ተቀምጦ ስለ እርጥበት እጥረት ማውራት ለብዙ ሰው ግራ ያጋባል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት አገር ነው፤ ቡናውም ጭቃውም ይመሰክራል። ነገር ግን የአዲስ አበባን መንገድ ይዛችሁ ወደ ሶኮሩ፣ ከዚያም ወደ ጊቤ በረሃ ስትወርዱ አየሩ ይሞቃል፤ በቆሎና ማሽላ የዘራ ሰውም ዝናቡ ትንሽ ሲዘገይ ሰማይ ሰማይ ማየት ይጀምራል። የቤተሰቤ ማሳ በዚያ በኩል ነው። ውሃና አፈር ማቆየትን እየተማርኩ ያለሁት እዚያው ነውና ለእናንተም ላካፍል።

በደንብ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እኛ ጋ ከዝናቡ ይልቅ የሚያንሰው አፈር ውስጥ የሚገባው ውሃ መሆኑ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 50,000 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 200 ሊትሩ በርሜል 250 በርሜል መሆኑ ነው! ማሳው ገላጣና ቁልቁል የታረሰ ከሆነ ብዙው ለም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። መድረሻውም ይታወቃል፤ የግልገል ጊቤ ግድብ ነው። ገበሬው ማዳበሪያ በውድ ገዝቶ ይዘራበታል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ግድቡ ደለል ይጠራቀምበታል። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ሥራው የሚጀምረው በኤ ፍሬም ነው፤ እርከን የሚወጣበትን፣ ከፍታው እኩል የሆነ መስመር የምንለካበት መሣሪያ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ የባሕር ዛፍ እንጨቶች አናታቸው ላይ ይታሰራሉ፣ መሐላቸው አግዳሚ ይመታል፣ ከአናቱ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ይንጠለጠላል። ሲባጎው አግዳሚው ላይ ያረፈበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ እግሮቹን አቀያይራችሁ እዚያው ነጥብ ላይ መልሳችሁ አቁሙትና እንደገና ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ ልኩ ነው፤ ሲባጎው እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ከዚያ በኋላ እግሩን እያዞሩ ችካል እየተከሉ መሄድ ብቻ ነው። መስመሩ እንደ እባብ ቢጥመለመል አትደንግጡ፤ መሬቱ ራሱ እንደዚያ ነው።

ተዳፋቱ 10 በመቶ በሆነበት በኩል በእርከኖቹ መሐል የ1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ስለወሰድን ርቀታቸው 10 ሜትር ሆነ። አፈሩ ጥልቅ ስለሆነና እንደ ኮንሶ የሚደረደር ድንጋይ ስለሌለን ፋኛ ጁ መረጥን። ቦዩ ይቆፈርና አፈሩ ወደ ላይኛው በኩል ይጣላል። ወገብ ይቆርጣል፤ ግን ከላይ የሚታጠበው አፈር እዚያው እየቀረ ማሳው ከዓመት ዓመት ደረጃ እየሠራ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ ለከብቶቹ መኖ ብለን ደሾ ሳር ተከልን። መኖ የማይቸግረው ግን ቬቲቨር ቢተክል ይሻለዋል፤ ሥሩ ጠልቆ ይወርዳል፣ ያደገውን ቅጠል ደግሞ ከብት እምብዛም አይደፍረውም።

በጣም የወደድኩት ባለሙያዎቹ ታይ ሪጅ የሚሉትን ነው። በቆሎው የተዘራው በ75 ሳንቲ ሜትር የመስመር ርቀት ነው፤ ለሽልሻሎ፣ ማለትም በበቀለው ሰብል መሐል ለማረስ፣ ማረሻ ሲገባ በመስመሮቹ መሐል ቦይ ይወጣል። ቦዩን በየሦስት በየአራት ሜትሩ በዶማ አፈር ስቦ ማገድ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ እገዳው ከመደቡ፣ ማለትም በቆሎው ከቆመበት ከፍ ያለ አፈር፣ ዝቅ ማለት አለበት። ውሃ ሲሞላ በእገዳው ላይ አልፎ በቦዩ መስመር ይሂድ፤ መደቡን ከጣሰ ግን የታችኞቹንም እየጣሰ ይወርዳል።

የማሳ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት አይተው፣ «ልጄ፣ ውሃውን እዚህ አስረህ በቆሎህን ልታሰጥመው ነው?» አሉኝ። ስጋታቸው እውነት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ የተኛበት በቆሎ ቢጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲበረታ እገዳዎቹን አንድ እየዘለልን ከፈትናቸው። በኦሞ ናዳ በኩል መረሬ አፈር (ውሃ የሚቋጥር ጥቁር ሸክላማ አፈር) ላይ የምታርሱ ደግሞ ይህን እንዳለ አትውሰዱት፤ ክረምት ላይ የእናንተ ችግር ውሃውን ማጠንፈፍ ነው።

ለውጡን ያየሁት በጉድጓድ ነው። ዝናብ ባቆመ በማግስቱ ቦዩ የታገደበትንም ያልታገደበትንም በኩል ቆፈርኩ። በታገደው በኩል እርጥበቱ ከሁለት ስንዝር አልፏል። ባልታገደው ግን አንድ ስንዝር ሳይሞላ ዶማ የሚመልስ ደረቅ አፈር ገጠመኝ፤ ማረሻ ሁልጊዜ በዚያው ጥልቀት ስለሚሄድ ከሥር ያለው አፈር ጠጥሯል። በኋላ ዝናቡ ሲጠፋ ባልታገደው በኩል ቅጠሉ ገና ከረፋዱ ተጠቀለለ፤ የታገደው እስከ ቀትር ተዘርግቶ ቆየ። በቆሎ ክፉኛ የሚጎዳው ሲያብብና ፀጉር ሲያወጣ ውሃ ካጣ ስለሆነ፣ በዚያ ወቅት የተረፈች እርጥበት ትልቅ ዋጋ አላት።

ጉዝጓዝ፣ ማለትም መሬቱን በአገዳና በመሳሰለው ቅሪት መሸፈን፣ ገና አልሰመረልንም። አገዳውን ከብት ይፈልገዋል፣ ምድጃ ይፈልገዋል፣ የቀረውን ምስጥ ይበላዋል። ለጊዜው በመስመሮቹ መሐል ቦሎቄ ዘርተን መሬቱን ለመሸፈን አስበናል።

ለመጪው ወቅት ማሽላውን ከመደቡ ላይ አንስተን ቦዩ ውስጥ ልንዘራው ነው፤ ዝናብ አጠር በሆኑ አካባቢዎች የሚሠራበት ነው። ወደ ጊቤ በኩል የሞከራችሁ ካላችሁ፣ እገዳውን የሠራችሁት ከዘር በፊት ነው ወይስ ከበቀለ በኋላ? ከበድ ያለ ዝናብ ሲመጣ ቡቃያውን ደለል አልቀበረባችሁም?