በአምስት ኖታና በአንድ ሙቀጫ ዜማ መጀመር

ነጻ የሙዚቃ አፕሊኬሽን ሲከፈት በመቶ የሚቆጠር ድምፅ ይደረደራል። አንዱን ሲሞክሩ ሌላውን ሲተዉ ምሽቱ ያልቃል፤ ዜማውም ሳይጀመር ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምርጫን ማጥበብ ነው፦ አንድ ቅኝት፣ አንድ ፍጥነት፣ ከሰፈር የተቀዳ አንድ ድምፅ። ድሬዳዋ ላይ ለዚህ የሚያስፈልገው ስልክ፣ ባለገመድ ማዳመጫ፣ ከተገኘም አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

ላፕቶፕ ያላችሁ ኦዳሲቲ የተባለውን የድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ፕሮግራም ጫኑ። ነጻ ነው፤ አንዴ ከወረደ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስልክ ብቻ ያላችሁ ባንድላብ የተባለውን የሙዚቃ አፕሊኬሽን መጠቀም ትችላላችሁ፤ እሱ ግን አካውንትና ዳታ ይፈልጋል። ብሉቱዝ ማዳመጫ ለቀረጻ አይሁን። ድምፁ ጆሮ የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ፣ የምትዘፍኑትም ከምቱ ኋላ ይቀራል።

ቅኝቱን በስልክ ፒያኖ ላይ ፈልጉ። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰል ዶ፣ በዶና በሬ መካከል ያለው ጥቁር ቁልፍ፣ ፋ፣ ሶል፣ በሶልና በላ መካከል ያለው ጥቁር። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ያው የመጀመሪያው ጥቁር፣ ፋ፣ በፋና በሶል መካከል ያለው ጥቁር፣ ላ። ለጀማሪ እኔ አምባሰልን እመርጣለሁ። ትዝታ ላይ ጣት ሳያውቀው ወደሚታወቅ ዘፈን ይሄዳል። አምባሰል ላይ ግን ከዶ ቀጥሎ ያለው ጠባብ እርምጃና ወደ ፋ የሚዘለው ሰፊ ክፍተት አዲስ መንገድ እንዲፈልግ ያደርጉታል። ከአምስቱ ኖታ በሦስቱ ብቻ ለ10 ደቂቃ አንጎራጉሩና ሁሉንም ቅዱ፤ አራተኛውና አምስተኛው ከዚያ በኋላ ሲገቡ ዜማው ይከፈታል። ክራር ካለ ከቀረጻው በፊት ከስልኩ ዶ ጋር ይቃኝ። ክራር በጆሮ ስለሚቃኝ ከፒያኖው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ከተደባለቀ በኋላ ደግሞ ማስተካከል ድምፁን ያበላሻል።

አሁን ምቱ። ከሰፈር የሚቀዳው ድምፅ ሙቀጫ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቡና የሚወቀጥበት ቤት አይጠፋምና። ሙቀጫውን ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን በታጠፈ ጆንያ ላይ አስቀምጡት፤ አለበለዚያ ወለሉ ይጮኻል። ስልኩን አንድ ሜትር ያህል አርቁት። ዘነዘናውን አንዴ ጣሉና አንድ ሰከንድ ዝም በሉ። ቡና ያለበት ሙቀጫ የፍሬው መሰበር ይሰማበታል፣ ባዶው ደረቅ ነው፤ ሁለቱንም ቅዱ። የድምፁ ጫፍ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ቢያርፍ ይበቃል። ዜሮ ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ በምንም ፕሮግራም በትክክል አይመለስም።

ስልኩ የቀዳው ፋይል ዓይነቱ ኤም ፎር ኤ ከሆነ ኦዳሲቲ በዊንዶውስ ላይ ኤፍ ኤፍ ኤም ፔግ የተባለውን ነጻ ተጨማሪ ካልጫናችሁለት አይከፍተውም። የስልኩን መቅጃ ከመጀመሪያው ዌቭ በተባለው የፋይል ዓይነት ላይ ማድረግ ይሻላል፤ በ44100 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ በሞኖ አንድ ደቂቃው 5 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል።

ፍጥነቱን በደቂቃ 80 ምት አድርጉት። 60ን ለ80 ስታካፍሉ በምትና በምት መካከል ልክ 0.75 ሰከንድ ይወጣል። 90 ብትሉ 0.667 ብላችሁ ማጠጋጋት ግድ ነው፤ ድግግሞሹ ሲበዛም ምቱ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሙቀጫው ከሚነሳበት ጫፍ ጀምሮ 0.75 ሰከንድ ምረጡ። ከፊቱ ባዶ ቦታ አታስቀሩ፤ የቀረ እንደሆነ ምቱ ሁሌ ይዘገያል። የተቀረውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ጭራውን በፌድ አውት አደብዝዙ፣ ካላደበዘዛችሁ በየድግግሞሹ “ቅጭ” የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሪፒት በሚለው 63 ብላችሁ ስትጽፉ 64 ምት፣ 48 ሰከንድ ይሆናል።

ጭክጭካ የተባለው የጭፈራ ምት ስድስት ቆጣሪ ነው። በኦዳሲቲ ጀነሬት ሥር ሪትም ትራክን ከፍታችሁ በባር (በአንድ የምት ዙር) 6 ምት፣ 32 ባር፣ ፍጥነቱን 240 አድርጉ። ብዙዎች እዚህ ላይ 80 ይጽፉና ዘፈኑ ይንቀራፈፍባቸዋል። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው እያንዳንዱን ትንሽ ምት ስለሆነ ዋናው ምት በ3 ይባዛል። እንዲህ ሲሆን ሙቀጫው በየባሩ አንደኛውና አራተኛው ላይ ይወድቃል፣ ርዝመቱም ያው 48 ሰከንድ ነው።

ለግጥሙ የወል ቤት ስንኝ ይመቻል። ስድስት ስድስት ቀለም ስለሆነ እያንዳንዱ ግማሽ በአንድ ባር ልክ ይገባል። ስድስቱንም ከሞላችሁ ግን ትንፋሽ የለም፤ የመጨረሻውን ቀለም ወደ ቀጣዩ ባር ሦስት ቆጠራ ጎትቱት፣ በቀሩት ሦስት ተንፍሱ። ያንኑ ዜማ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ሞክሩት። የቃሉ ርዝመት ሲለወጥ ዜማው ራሱ አዲስ መታጠፊያ ያወጣል። የዚህ ከተማ ልጅ አሊ ቢራ በኦሮምኛም በአማርኛም በሐረሪም በሶማሊኛም በዓረብኛም ዘፍኗል፤ ድሬ ላይ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ግጥም ስትጽፉ ግን ሌላ ዘፈን አትክፈቱ፤ የሰው ቃል ከእናንተ ቃል ጋር ይሻማል።

ድምፅ የሚቀዳበትን ክፍል በተመለከተ የድሬዳዋ ችግር ሙቀቱና ቬንትሌተሩ ነው። ቬንትሌተር አንድ ወጥ ድምፅ ስላለው ይቀንሳል፤ የባጃጅ ጡሩምባ ግን ተለዋዋጭ ስለሆነ አይወጣም፣ ዳግም መቅዳት ነው። ከመዝፈናችሁ በፊት ቬንትሌተሩ እየሠራ 3 ሰከንድ ዝም በሉ። ያንን ክፍል መርጣችሁ በኖይዝ ሪዳክሽን ጌት ኖይዝ ፕሮፋይል በሉ፣ ከዚያ ሁሉንም መርጣችሁ ከ6 እስከ 9 ዴሲቤል ቀንሱ። ከዚያ በላይ ስትሄዱ ድምፁ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። መሃል ላይ የቬንትሌተሩን ፍጥነት ከቀየራችሁ የተወሰደው ናሙና አይገጥምም። ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ይዙር፤ “ፐ” እና “ጰ” ሲወጡ ትንፋሹ ቀጥታ እንዳይመታው። ከጀርባችሁ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ከግድግዳ የሚመለሰውን ማስተጋባት ይውጣል።

ሐረር ያላችሁ በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ የሚደረግ ዚክር (መንፈሳዊ ዜማ) መቅዳት ብትፈልጉ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ለምን እንደምትጠቀሙበትም ተናገሩ። እንጨቱ በቅርብ ሲመታ የስልኩ ቅጂ ዜሮ ነክቶ ስለሚቆረጥ ከ2 እስከ 3 ሜትር ራቁ።

መብራት ሊሄድ ይችላልና ፕሮጀክቱን በየመሃሉ ሴቭ አድርጉ፤ ኤክስፖርት የተደረገ ኤምፒስሪ ተመልሶ እንደነበረው በየትራኩ አይለያይም። ሥራውን ከመላካችሁ በፊት በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ አዳምጡት። ሙቀጫውን ከበሮ ለማስመሰል በቼንጅ ፒች 5 ሴሚቶን (የፒያኖ ቁልፍ እርምጃ) አውርዳችሁት ከሆነ እዚያ ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ ትንሽ ማጉያ ወፍራም ድምፅ አያወጣም። ያልወረደውን ቅጂ በሌላ ትራክ ከሥሩ አስቀምጡና ዝቅ አድርጋችሁ ደርቡት፤ በስልክም ሆነ በትልቅ ስፒከር ይሰማል።