የ20 ፔንሷ በቅሎ

በብሪታንያ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ቋንቋ «በቅሎ» ማለት የአንዱ ሳንቲም ፊት ከሌላው ሳንቲም ጀርባ ጋር ተጋጥሞ የተመታ ዲቃላ ሳንቲም ነው። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባል የለ? በ2008 ከዌልስ የወጣችው የ20 ፔንስ በቅሎም ዓመትሽ ስንት ነው ብትባል መልሷ ከዚህ አይሻልም። ፊቷ «ጀርባዬን ጠይቁ» ይላል፤ ጀርባዋ ደግሞ «ፊቴን ጠይቁ»። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የደረሰው ላንትሪሰንት በተባለችው የዌልስ ከተማ፣ የአገሪቱ ሳንቲም በሚመታበት በሮያል ሚንት ነው። የ20 ፔንስ ሳንቲም በ1982 ሥራ ላይ ሲውል ዓመቱ የተጻፈው በጀርባው፣ ዘውድ የደፋች ጽጌረዳ ባለችበት በኩል ነበር። የንግሥቲቱ ምስል ያለበት ፊት ዓመት አልነበረውም። በ2008 የማቲው ዴንት ንድፍ መጣና ጽጌረዳዋን በጋሻ ቁራጭ ተካት። ከ1 ፔኒ እስከ 50 ፔንስ ያሉት ስድስት ሳንቲሞች ተገጣጥመው ሲደረደሩ ሙሉውን የንጉሣዊ ጋሻ ይሠራሉ። በዚህ ለውጥ የ20 ፔንሱ ዓመት ከጀርባ ተነሥቶ ወደ ፊት ተዛወረ። ልብ በሉ፤ የቀሩት አምስቱ ዓመታቸው ድሮውንም በፊታቸው ነበር። ዓመቱ ጎን የቀየረው የ20 ፔንሱ ብቻ ነው፤ ጉዱም የመጣው በእሱ ነው።

ሳንቲም የሚመታው በሁለት ዳይ መካከል ነው። ዳይ ማለት ምስሉ ተገልብጦ የተቀረጸበት ጠንካራ የብረት ማኅተም ነው፤ አንዱ ፊቱን፣ ሌላው ጀርባውን ያትማል። ዳይ እየተበላ ሲሄድ ይወጣና ሌላ ይገባል፤ ይህ የየዕለት ሥራ ነው። በዚያ የሽግግር ወቅት ዓመት የሌለው አሮጌ የፊት ዳይ፣ ዓመት ከሌለው አዲስ የጀርባ ዳይ ጋር አንድ ፕሬስ (የሳንቲም መምቻ ማሽን) ላይ ተገጠመ። ሁለቱም ዳይ ለየብቻው እንከን የለውም፤ አሮጌው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተፈትኖ ያለፈ ነው፣ አዲሱም በደንብ የተቀረጸ ነው። ስህተቱ ያለው ጋብቻው ላይ ነው። እያንዳንዱን ዳይ ለብቻው የሚያይ ቁጥጥር ደግሞ ጋብቻን አያይም።

የወጣው ሳንቲምም በመለኪያ የሚያዝ አልነበረም። ክብደቱ 5 ግራም፣ ስፋቱ 21.4 ሚሊ ሜትር፣ ሰባት ጎን፣ 84 በመቶ መዳብና 16 በመቶ ኒኬል፤ ሁሉም ልክ ነው። ሳንቲም የሚቀበሉ ማሽኖችም መጠንና ብረት እንጂ ዓመት አይጠይቁም። አንድ ዘመናዊ ፕሬስ በደቂቃ እስከ 850 ሳንቲም ይመታል። ሮያል ሚንት በኋላ የገመተው የበቅሎዎቹ ቁጥር ቢበዛ 250,000 ነው። ሒሳቡን ስንሠራው ይህ ሁሉ በአንድ ፕሬስ የአምስት ሰዓት ሥራ እንኳ አይሞላም፤ ከአንድ ፈረቃ ያንሳል። ዳይ በተቀየረ ቁጥር የመጀመሪያውን ሳንቲም አንሥቶ ሁለቱንም ገጽ ከጸደቀው ናሙና ጋር ማስተያየት የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ንድፍ በሚቀየርበት ዕለት አሮጌውን ዳይ ከመደርደሪያው አውጥቶ በተለየ ቦታ መቆለፍም እንዲሁ። የማኅተም፣ የመለያ ወይም የማሸጊያ ሥራ ያለበት ሰው ይህን አደጋ ያውቀዋል፤ ዕቃው የሚበላሸው ሁለቱ ጥሩ ክፍሎች ሲገናኙ ነው።

ጉዳዩ በ2009 ሲሰማ በብሪታንያ ከ300 ዓመት በላይ ዓመት የሌለው ሳንቲም ገበያ ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አንድ የሳንቲም ነጋዴ ድርጅት ለአንዱ 50 ፓውንድ እከፍላለሁ አለ፤ ይህ የሳንቲሙን ዋጋ 250 እጥፍ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ያልታየ ማስታወቂያ የለም። ሮያል ሚንት ሳንቲሙ ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑን አረጋግጧል፤ ስለዚህ ዛሬም 20 ፔንስ ይገዛል።

እውነተኛዋን ለመለየት ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ሌላ ተራ 20 ፔንስ ነው። ከ1998 እስከ 2008 ከተመቱት ባለ ጽጌረዳ ሳንቲሞች አንዱን ይያዙ፤ የኢያን ራንክ ብሮድሊ የንግሥቲቱ ምስል ያለበትን። የበቅሎዋ ፊት ከዚህ ሳንቲም ፊት ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ የጽሑፉ አቀማመጥ፣ በፊደላቱ መካከል ያለው ክፍተት፣ ሁሉም። አጭበርባሪ ከተራ ባለ ጋሻ ሳንቲም ላይ ዓመቱን በሞረድ ቢያጠፋው የቀረው ጽሑፍ በአዲሱ አቀማመጥ ይቀራል፣ ዓመቱ የነበረበትም ባዶ ሆኖ ያስታውቃል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር፣ ብርሃኑን ከጎን አድርገው ሲያዩት የተሞረደው ቦታ ዝቅ ያለ ነው፤ ጭረቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። እዚህ ላይ ሚዛን አትመኑ። ዓመት ተሞርዶ ሲጠፋ የሚቀነሰው ብረት ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ሚዛኑ «ደህና ነው» ይላል።

የብዙ ሰው ስህተት ግን ከዚህ የቀለለ ነው። የአሮጌ ሳንቲም ፊት አይቶ «ዓመት የለውም!» ይላል፤ ገልብጦ ቢያየው ዓመቱ ጽጌረዳዋ ጋ አለ።

የዚህች በቅሎ ታላቅ እኅት ደግሞ አለች፤ የ1983 ባለ 2 ፔንስ። ከ1971 እስከ 1981 ጀርባው ላይ «ኒው ፔንስ» ይባል ነበር፤ ከ1982 ጀምሮ «ቱ ፔንስ» ሆነ። በ1983 ለስብስብ በተዘጋጁ ጥቂት ጥቅሎች ውስጥ በአሮጌው ጀርባ የተመታ ገባ። «ኒው ፔንስ» ያለበት ሁሉ ብርቅ ነው የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተሰናበቱት፤ የ1970ዎቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። ዋጋ ያለው 1983 ብቻ ነው። የመጨረሻዋን አኃዝ በመነጽር እዩ፤ ሳንቲሙ ነሐስ ስለሆነ ማግኔት ሊስበው አይገባም፣ ክብደቱም 7.12 ግራም አካባቢ ነው። በ2014ም «ብሪታኒያ» የተባለው የብር ሳንቲምና በቻይና አቆጣጠር ለፈረስ ዓመት የተመታው የብር ሳንቲም ፊታቸውን ተለዋወጡ። ሁለቱም አንድ አውንስ፣ ሁለቱም ባለ 2 ፓውንድ ናቸው፤ ፊታቸውን የሚለየው ዳሩን የከበበው ጥርስ መሰል ጌጥ መኖርና አለመኖሩ ነበር። በሦስቱም ጊዜ መንስኤው የዳይ ጋብቻ ነው።

በየዕለቱ ገበያ ላይ በሚዘዋወረው ተራ ባለ 2 ፓውንድ ላይ የጠርዙ ጽሑፍ ተገልብጧል ተብሎ የሚሸጠው ግን ስህተት አይደለም። ጽሑፉ ጠርዙ ላይ የሚቀረጸው ሳንቲሙ ከመመታቱ በፊት ነው፤ ከዚያ ብረቱ ወደ ፕሬሱ እንደወደቀ ይገባል። ግማሹ ቀጥ ብሎ፣ ግማሹ ተገልብጦ ይወጣል።

ለንደን ውስጥ ሱቅ ወይም ካፌ ያላቸው ሐበሾች ፍለጋውን በትርፍ ሰዓት ሊሠሩት ይችላሉ። የ20 ፔንስ የባንክ ከረጢት 50 ሳንቲም ይይዛል፤ 10 ፓውንድ ማለት ነው፣ 250 ግራም ይመዝናል። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፎ መዘርገፍና ሁሉንም በጀርባቸው በኩል ማገላበጥ ነው። ጽጌረዳ ያለባቸው ወዲያው ይለዩ፤ በቅሎ ሊሆኑ አይችሉም። የንጉሥ ቻርልስ ዘመን የወፍ ምስል ያለባቸውም እንዲሁ። ጋሻ ያላቸው ብቻ ሲቀሩ አንድ በአንድ በፊት በኩል ይገልበጡ፤ ዓመት ያለው ወደ ከረጢቱ ይመለስ። ዓመት የሌለው ከተገኘ በጠርዙ ይያዝ፤ በሎሚም በአሸዋም አይታጠብ፤ የጸዳ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል። ካልተገኘም ከረጢቱ ወደ ባንክ ይመለሳል፤ ያው 10 ፓውንድ ነው።