ትንሿ ብሎን

ዛሬ ትንሽ ካቻቢቴ ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ሰዓት ሠሪ የሚይዛትን ዓይነት። የፈለግኳት ለእማዬ አሮጌ ቴፕ ነው። አያቴ እቴቴ ከአዲስ አበባ ድምፅዋን እየቀዳች የላከችልንን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር እገለብጣቸዋለሁ ብዬ ቃል ከገባሁ ቆይቻለሁ። ዛሬ ጀመርኩ።

ካሴቶቹ እማዬ ቤት፣ አልጋዋ ሥር፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል። አሥራ አንድ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ የመጡበት ቀን በእማዬ እጅ ተጽፏል። ከሥራቸው አሥራ ሁለተኛ ካሴት አገኘሁ። የእቴቴ አይደለም። የእኔና የእህቴ ነው። ሶፍት ኤይድ ይባላል፣ የኮምፒውተር ጌም ነው። ሳየው እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ለንደን የገባነው በ1983 ነው፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ከአዲስ አበባ ወጥተን፣ ካርቱም ከርመን ነው የመጣነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እህቴ አሥራ ሁለት። እማዬ ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች፣ ቀን ትተኛለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቤቱ ጸጥ ማለት አለበት። ቴሌቪዥንና ቴፕ ነበሩን። በ1984 ነሐሴ ላይ ሦስተኛ ውድ ዕቃ ተጨመረ። ጎረቤታችን ያለ አንድ ጎረምሳ አዲስ ኮምፒውተር ስለገዛ አሮጌውን ሸጠልን። ዜድ ኤክስ ስፔክትረም፣ ባለ 48 ኪሎባይቷን።

ስፔክትረምን የሠራው ካምብሪጅ የነበረው የክላይቭ ሲንክሌር ኩባንያ ነው። በኤፕሪል 1982 ገበያ ላይ ስትወጣ ባለ 16 ኪሎባይቷ 125 ፓውንድ፣ ባለ 48ቷ 175 ፓውንድ ነበረች። ትምህርት ቤት የምናየው ቢቢሲ ማይክሮ የሚባለው ኮምፒውተር 399 ፓውንድ ነበር። ሲንክሌር ርካሽ ባያደርገው ኖሮ እኛ ቤት ኮምፒውተር የሚባል ነገር አይገባም ነበር። እሱ በ2021 ሲሞት ከልቤ አዘንኩ። አግኝቼው አላውቅም፤ ግን ከልጅነቴ ብዙውን የሰጠኝ እሱ ነው።

ጥቁር ናት፣ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ አትበልጥም። በስተቀኝ ጥጓ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ውኃ ሰማያዊ ሰረዝ አለ። ቁልፎቿ ጎማ ናቸው፣ ሲነኩ ላጲስ ይመስላሉ። አንድ ቁልፍ ላይ ፊደል ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሙሉ ቃላት ተጽፈዋል። «ጄ»ን ስትጫን «ሎድ»፣ ጫን፣ የሚለው ቃል በአንዴ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። እንግሊዝኛዬ ያኔ ገና ነበር። «ሎድ»ን፣ «ራን»ን፣ «ፕሪንት»ን የተማርኩት ከአስተማሪ አይደለም፣ ከዚያች ኪቦርድ ነው። ልቅም አድርጌ መጥራት የቻልኩት የመጀመሪያው ረጅም የእንግሊዝኛ ሐረግም «ቴፕ ሎዲንግ ኤረር» ነው፣ ካሴቱ በትክክል አልተጫነም ማለት ነው። ምን ያህል ጊዜ እንዳነበብኩት የማውቀው እኔ ነኝ።

ጌሙ ያለው ካሴት ላይ ነው። የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከኮምፒውተሯ ጋር በሽቦ ታገናኛለህ፣ «ሎድ» ትላለህ፣ ቴፑን ትከፍታለህ። ከዚያ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ አንድ ወጥ የሆነ ረጅም ድምፅ ይመጣል፣ የስክሪኑ ዳርም ቀይና ውኃ ሰማያዊ መስመር ይሠራል። ቀጥሎ ያ የሚሻክረው ጩኸት ይጀምርና መስመሮቹ ሰማያዊና ቢጫ ሆነው ይራወጣሉ። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ዝም ብሎ አይወርድም። በሦስት ተከፍሎ፣ መስመር እየዘለለ፣ በጥቁርና ነጭ ይሞላል። ቀለሙ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ በትንንሽ ካሬ፣ እንደ ጥልፍ። ትልቅ ጌም አምስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። አራተኛው ደቂቃ ላይ ከተበላሸ ከመጀመሪያው ነው።

እኔና እህቴ ያንን አምስት ደቂቃ ትንፋሽ ውጠን ነበር የምናሳልፈው። ድምፁ እማዬን እንዳይቀሰቅሳት ቴፑን በብርድ ልብስ እንጠቀልለዋለን።

መጀመሪያ የያዘኝ ማኒክ ማይነር ነው። በ1983 የወጣ ነው። የሠራው ማቲው ስሚዝ ያኔ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረ ልጅ ነው። ዊሊ የሚባል ማዕድን ቆፋሪ አለ። ሃያ ዋሻ አለ። በየዋሻው ያሉትን ቁልፎች ሰብስቦ፣ አየሩ ሳያልቅ መውጣት አለበት። በሁለተኛው ዋሻ ውስጥ ፔንግዊኖች ይመላለሳሉ። ዝላዩ በአንዲት ነጥብ ከተሳሳተ ሞት ነው። ሦስቱ ነፍስ ካለቀ ከአንደኛው ዋሻ ትጀምራለህ፣ የደረስክበትን የሚያስቀምጥልህ የለም። እኔ ዘጠነኛው ድረስ ሄጃለሁ። ሃያኛውን ዋሻ ያየሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

አንዱ ዝላይ የት ላይ እንደሚጀመር አሁንም ጣቴ ያውቀዋል። ይህን ስጽፍ እንኳ አውራ ጣቴ ተንቀሳቀሰ።

በኦክቶበር 1984 አንድ ምሽት ሰባተኛው ዋሻ ላይ ነበርኩ። እማዬ ለሥራ ተነስታ፣ ካፖርቷን ለብሳ መጣችና «ዜና ነው፣ አንቴናውን መልሰው» አለችኝ። ስፔክትረም የምትሠራው በቴሌቪዥኑ ነው፤ የሷን ገመድ ነቅሎ አንቴናውን መሰካት ነው። ሰካሁት። ከቆረም ነበር። የማለዳ ጭጋግ፣ መሬት ላይ በነጠላ የተጠቀለሉ ሰዎች። ያንን ፊልም ዓለም ሁሉ አይቶታል። እማዬ አልተቀመጠችም፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማ አየችው።

የስፔክትረም ድምፅ ከቴሌቪዥኑ አይወጣም፤ የራሷ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሆዷ ውስጥ አለች። ምስሉ ቢጠፋም ጌሙ አልቆመም ነበር። የማኒክ ማይነር ዜማ፣ ያ አንድ አጭር ዜማ፣ ከዜናው ሥር እየተደጋገመ ይጮኻል። ማቆሚያ ቁልፉን መጫን ትዝ አላለኝም። ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ኮምፒውተሯ የላትም። ገመዷን ነቀልኩት። ሰባተኛው ዋሻ ጠፋ። ቤቱ ውስጥ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ድምፅ ብቻ ቀረ።

እማዬ ያን ሌሊት ሥራ ዘግይታ ገባች።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው አገሬን አወቀ። ከዚያ በፊት ማንም የት እንደሆነች አያውቅም ነበር። የቀለዱ ነበሩ፣ ስለነሱ መጻፍ አልፈልግም። አንድ ልጅ ግን ሳንድዊቹን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። ከልቡ ነበር። እኔ ቁርሴን በልቼ፣ ምሳዬን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የመጣሁት። ተቀብዬው በላሁ። እምቢ ብለው የሚያፍር መሰለኝ። ማታ ግን አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። ምን እንዳስለቀሰኝ አሁንም በደንብ መናገር አልችልም።

ሶፍት ኤይድ የወጣው በቀጣዩ ዓመት፣ በማርች 1985 ነው። የጌም ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው ጌማቸውን በነፃ ሰጥተው፣ አሥር ጌም በአንድ ካሴት ላይ ሆነ። ለስፔክትረምም፣ ኮሞዶር ለሚባለው ሌላ ኮምፒውተርም ወጣ። ገቢው ለኢትዮጵያ ርሃብ መርጃ ነው። ለሳምንታት የሽያጩን ደረጃ መራ። እማዬ ከዚያ በፊት ጌም ገዝታልን አታውቅም። አንድ ቅዳሜ ግን አብረን ሱቅ ገብተን፣ ሻጩ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ነገራት። እማዬ ካሴቱን በእጇ ገልብጣ ገልብጣ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ 5 ፓውንድ አውጥታ ሰጠችው። ሱቁ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረች። መንገድ ላይ ነው «ለልጆቹ ነው» ያለችኝ። ለየትኞቹ ልጆች እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ከአሥሩ ጌሞች እህቴ የወደደችው አንት አታክ የሚባለውን ነው። ግዙፍ ጉንዳኖች የወረሩት፣ በግንብ የታጠረ ባዶ ከተማ ነው። ከተማው ወደ ውስጥ ጥልቀት አለው፤ ግንቡ ላይ ትወጣለህ፣ ከኋላው ትደበቃለህ። በ1983 እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነበር። ሲጀመር ሴት ልጅ ነህ ወይስ ወንድ ብሎ ይጠይቃል። ሴቷን ከመረጥክ ሴቷ ናት ወንዱን የምታድነው። እህቴ ሁልጊዜ ሴቷን ትመርጥ ነበር። ዛሬ ስደውልላት ከሰላምታ በፊት ያለችኝ «እኔ እኮ አድኜሃለሁ» ነው።

አሁን ስለ ብሎኗ።

ያኔ ከአዲስ አበባ ስልክ መደወል ውድ ነበር። እቴቴ ደግሞ መጻፍ አትችልም። ስለዚህ ድምፅዋን በካሴት ቀድታ፣ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ትልክልናለች። ያን ካሴት የምንሰማበትና ጌም የምንጭንበት ቴፕ አንድ ነው። በ1985 ክፍል ውስጥ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ። ጌም በሱ ቴፕ ይቀዳልኛል፣ እኛ ቤት ግን አልነሳም ይላል። ታላቅ ወንድሙ ምክንያቱን አሳየኝ። ቴፕ ውስጥ ካሴቱን የሚያነብ «ሄድ» የሚባል ነገር አለ። የሄዱ አቀማመጥ ከቴፕ ቴፕ በጣም በትንሹ ይለያያል። አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፣ እሷን ስታዞር ሄዱ ዘንበል ወይም ቀና ይላል። ከካሴቱ ጋር ሲገጥም ድምፁ ይጠራል፣ ሳይገጥም ይታፈናል። ኮምፒውተሯ የምትፈልገው የጠራውን ነው።

ካቻቢቴ ተበድሬ አዞርኳት። ጌሙ ተነሳ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በማግስቱ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ካሴት ይዞ መጣ። እማዬ ሥራ ከመሄዷ በፊት ከፈተችው። የእቴቴ ድምፅ ጋቢ ተከናንባ እንደምትናገር ሆኖ ወጣ፣ ታፍኖ፣ ደክሞ። እማዬ ጆሮዋን ቴፑ ላይ አስጠግታ ሰማች። «አሟታል» አለች። «ደብቃኝ ነው እንጂ አሟታል።» እንባዋን ጠርጋ ወጣች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ገብቶኛል። ግን ከአፌ ቃል አልወጣም።

ያን ሌሊት እንደ ጌም እያዳመጥኩ፣ እቴቴን እያስደጋገምኩ ብሎኗን መለስኳት። በሩብ ዙር፣ ከሩብም ባነሰ። ቀስ በቀስ ከጋቢው ውስጥ ወጣች። «ሰ» የሚለው ፊደል ጥርት ሲል አቆምኩ። እማዬ ከቀናት በኋላ ደግማ ስትሰማው «ያን ቀን ጆሮዬን ምን ነካው?» አለች። ብሩ ግን ተልኮ ነበር። ለሐኪም ብላ፣ ከዚያ ሌሊት ሥራዋ።

ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ስፔክትረሟን ከጥቂት ዓመት በኋላ ሸጥናት። አሁን ስልኬ ላይ እሷን የሚያስመስል ፕሮግራም አለኝ። ጌሙን በቅጽበት ልክፈት ወይስ እንደ ድሮው በድምፁ ልጫን ብሎ ይጠይቃል። ሁልጊዜ እንደ ድሮው ነው የምለው። ሚስቴ ኩሽና ሆና ጩኸቱን ስትሰማ «ደግሞ ጀመረህ?» ትለኛለች። ያለዚያ አምስት ደቂቃ ግን ጌሙ የኔ አይመስለኝም።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ካቻቢቴዋን አግኝቼ ከእማዬ ጋር ተቀመጥን። ሰማንያዎቹን አልፋለች፣ መስማት ትንሽ ደክሟታል። ሦስተኛውን ካሴት ስናስገባ ታፈነ። ብሎኗን በቀስታ አዞርኳት፣ እማዬ እጄን ታየኛለች። ድምፁ ጠራ። በሩ ላይ ሳይቀር የሚሰማ የእቴቴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሰባተኛውን አስገባሁ። ከሰላምታው በኋላ እቴቴ እንዲህ አለች፦ «ብሩ ደርሶኛል፣ ተባረኪ። ግን ማን ነው አሟታል ያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ማን ነው እንዲህ ብሎ ያስጨነቀሽ?»

ቴፑን አቆምኩት። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። ነገርኳት። ስለ ጌሙ፣ ስለ ጓደኛዬ ወንድም፣ ስለ ሌሊቱ። ስጨርስ ካቻቢቴዋን ከእጄ ወሰደችና ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየቻት።

«በዚች?» አለች።

«በዚች።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ካቻቢቴዋን መለሰችልኝና በጣቷ ወደ ቴፑ ጠቆመች።

«ከመጀመሪያው አድርገው» አለችኝ። «ደህና ነኝ ያለችውን ልስማው።»

ካሴቱን አጠነጠንኩት።