የዱቤ ደብተሩና ነጯ ክኒን

ሱቄ መስኮት ላይ «ዱቤ የለም» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። ከካርቶኑ ሥር በሲባጎ የተንጠለጠለው የዱቤ ደብተሩ ነው። ጉለሌ ውስጥ 14 ዓመት ሙሉ ዘይትና ሳሙና ስሸጥ ሁለቱ አብረው ኖረዋል፤ ካርቶኑ ለማላውቀው ሰው ነው፣ ደብተሩ ለማውቀው። ባለፈው አንድ የሰፈር ልጅ «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ በእምነት ነው የምትሰጠው?» አለኝ። አዎ፣ በእምነት ነው። ስማቸውን እጽፋለሁ፣ ዘይቱን አወጣለሁ፣ ደመወዝ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። እስካሁን ጥለውኝ የጠፉት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱማ ቤት ሲለቅ ዕቃውን ያሰረው ከኔው በዱቤ በወሰደው ገመድ ነው።

ሰው ላይ እንዲህ ልበ ሙሉ የሆንኩት ሰውዬ፣ ልጄ የታመመች ጊዜ እግዚአብሔርን ማመን ምን ማለት እንደሆነ ጠፋኝ።

9 ዓመቷ ነበር። እሑድ ጠዋት ቡና እየተፈላ፣ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ፈንድሻ ስትበላ እጇ መንገድ ላይ ቆመ። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደቀች። ጎረቤት ሁሉ ገባ። አንዷ ክብሪት ጭራ አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት፤ አንዱ ጥርሷን በማንኪያ ሊፈለቅቅ ታገለ፤ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። እስከ ዛሬ ክብሪት በሸጥኩ ቁጥር ያ ሽታ ይመጣብኛል። ሐኪም ቤት የሚጥል በሽታ ነው ተባልን፤ ፌኖባርቢታል የምትባል ትንሽ ነጭ ክኒን ማታ ማታ እንድትወስድ ታዘዘላት። ሐኪሙ «ማንም ምንም ቢላችሁ ድንገት እንዳታቋርጡ» አለን። ሁለቴ ነው ያለው።

ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ ተሻላት። ያም ሆኖ እኔም ባለቤቴም ጠበል ሳንወስዳት ልባችን አላረፈም። ሱቁን ለወንድሜ ትቼ የሰባት ቀን ሱባኤ ያዝን። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ መሰለፍ ነው። ልጄ በእናቷ ጋቢ ተጠቅልላ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ተጠምቃ ስትወጣ ግንባሯ ላይ እምነት ይቀቧታል። ከቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የተባረከ አመድ ነው «እምነት» የምንለው። ይህን ስም ማን እንዳወጣለት ጠይቄ አላውቅም፤ ግን ደስ ይለኛል። በጣት የሚነካ፣ ግንባር ላይ የሚቀባ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ኪስ የሚገባ ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን አብራን የምትጠመቅ አንዲት ሴት ክኒኑን አየችው። «ጠበሉን አምናችሁ መጥታችሁ ደግሞ ክኒን? በሁለት ልብ አይዳንም» አለችን። ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ፤ በሶዋን እያካፈለችን ነው የሰነበተችው። እኔ ግን አፈርኩ። ክኒኑን ሻንጣው ሥር ከልብስ ጋር ጠቅልዬ ደበቅኩት። ባለቤቴ «ሐኪሙስ?» ስትለኝ ዝም አልኳት። ዛሬ ሳስበው፣ ያቋረጥኩባት አምኜ አይደለም። እምነት የለውም እንዳልባል ነው።

በአምስተኛው ሌሊት በሽታው ሦስት ጊዜ ጣላት፤ አንዱ ሳያባራ ሌላው። በኮንትራት ታክሲ ስንሮጥ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ባለቤቴ የእመቤታችንን ስም ትጠራለች። እኔ አንዲት ጸሎት ከአፌ አልወጣም። «ልጄን፣ ልጄን» ብቻ ነው ያልኩት፤ ለማን እንደምለውም አላውቅም።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። ጠበሉ አልሠራም ብዬ ላማርር ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ገና ሳይቀመጡ «ክኒኑን ማን አስቆማት?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

ተቆጡኝ። ቆመው ነው የተቆጡኝ። ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው የሚለውን ነገሩኝ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ለኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ፣ እርስ በርስ እንደማይጣሉ በግልጽ ተናግረው እንደነበር አስታወሱኝ። «ክኒኑን በጠበል ትዋጠው። አንተ ነህ ያጣላሃቸው» አሉ።

ቡናው ሲደርስ ቁጣቸው በረደ። ያኔ የታክሲውን ነገር አወጣሁት። «መጸለይ እንኳ አቃተኝ እኮ፣ አባ። ለመሆኑ እኔ አማኝ ነኝ?» የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን አስነበቡኝ። ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ፤ ለካ የኔው ታሪክ ነው። ልጁ ይወድቃል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ጥርሱን ያፋጫል፤ እሳትም ውሃም ውስጥ ይጥለዋል። አባትየው ጌታ ፊት ቆሞ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ይላል። ልጁ ተፈወሰለት። «ይሄ ሰው አለማመኑን ይዞ መጣ፤ አንተ ክኒን ደበቅህ» አሉኝ አባ፣ ስኒያቸውን እያስቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ አንድ ቦታ ስንደርስ ጆሮዬ ይቆማል። ካህኑ ኅብስቱን ይዞ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን የጌታን ቃል ሲያሰማ ሕዝቡ «አሜን አሜን አሜን ነአምን ወንትአመን» ብሎ ይመልሳል። ከልጅነቴ ጀምሮ በዜማ ስለው ኖሬያለሁ፤ ሁለት ግሥ እንዳለው ልብ ያልኩት ግን ያኔ ነው። ነአምን እናምናለን ነው። ንትአመን ደግሞ እንታመናለን። የግእዝ መምህር ቢያርመኝ እሰማለሁ፤ እኔ ግን የተረዳሁት በባለሱቅ ጆሮ ነው። ደብተሩ ላይ ስም ስጽፍ አመንኩ፤ ሰውዬው ወር ጠብቆ ሲመጣ ታመነ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ የመጀመሪያው ላይ ነበር የምጨነቀው፤ በደንብ አምናለሁ ወይ፣ ልቤ ሙሉ ነው ወይ እያልኩ። ሁለተኛው የልብን መሙላት አይጠብቅም። በየቀኑ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከሱቅ ገብቶ ክኒኑን ቆጥሮ መስጠት ነው፤ ደስ ባለኝም ቀን፣ ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ በተዘጋብኝም ቀን።

ደግሞ ሁለቱም ቃላት የሚሉት «እኛ» ነው እንጂ «እኔ» አይደለም። ድምፄ አልወጣ ባለኝ እሑድ አጠገቤ ያሉት አሮጊት ለሁለታችንም ይሉልኛል። በጣም ጮክ ነው የሚሉት፤ ድሮ ይረብሹኝ ነበር።

ልጄ አሁን 13 ዓመቷ ነው። ከጣላት ሁለት ዓመት አልፏል። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ስለመቀነስ ማንሳት ጀምሯል። ባለቤቴ ስለቷን ለማስገባት ቀን ትቆጥራለች፤ እኔ የቀጠሮ ካርዱን በዱቤ ደብተሩ መሀል አድርጌ እይዛለሁ፣ እዚያ ያለ ነገር አይጠፋብኝምና።

ትናንት ማታ ሱቁን ዘግቼ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሀይላንዱን ገልብጣ ስታራግፍ አገኘኋት።

«አባዬ፣ ጠበሉ አልቋል። በቧንቧ ውሃ ልውሰደው?»

«ውሰጂው።»

አማትባ ዋጠችው። ሀይላንዱን አለቅልቃ በሩ አጠገብ አቆመችው፣ እሑድ ስወጣ እንዳልረሳው።