ጦሳን እያየን ካልኩለስ
ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ደሴ የ12ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ዛሬ አንዷ ደብተሯን ዘግታ «ቲቸር፣ ዴሪቫቲቭን ሸመደድኩት እንጂ አልገባኝም» አለችኝ። አብሽሪ አልኳትና በመስኮቱ ጉሙ የለቀቀውን የጦሳን ተራራ አሳየኋት።
«ዳገቱ ሁሉም ጋ እኩል ያደክማል?»
«ኧረ የለም! እንደ ቦታው ነው።»
በቃ፣ ዴሪቫቲቭ እግርሽ ባረፈበት ነጥብ ላይ ያለው ዳገት ነው።
ከዚያ የኤክስ ስኩዌርን ከርቭ ሣልን። ኤክስ ከ3 እስከ 4 ሲሄድ ስሎፑ፣ ማለትም የዳገቱ ልክ፣ 7 መጣ። እስከ 3.1 ስናቀርበው 6.1፣ እስከ 3.01 ደግሞ 6.01። ልጅቷ ጠመኔውን ከእጄ ወስዳ «6!» ብላ ጻፈች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እኔን በሷ ዕድሜ ቀመሩን ብቻ ነበር ያስያዙኝ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሌሎቹም ተነሥተው ሰሌዳውን ከበቡት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ኢንቲግራል ይሁንልን ብለዋል።