ጠጠሯና ዋልተር ጆንሰን
ዛሬ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ቦታው ድሮ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1924 የዋሽንግተን ቤዝቦል ቡድን ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር የወርልድ ሲሪስን (የአሜሪካ ቤዝቦል የዋንጫ ፍልሚያ) ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ የተጫወተው እዚሁ ነው። የዋሽንግተኑ ኳስ ወርዋሪ ዋልተር ጆንሰን 36 ዓመቱ ነው። በዚያው ፍልሚያ ቀደም ባሉት ጨዋታዎች ሁለቴ ተሸንፏል። አንጀት ይበላል! በ9ኛው ዙር ገባና አራት ዙር አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ያዘ። በ12ኛው የቡድን ጓደኛው ማክኒሊ የመታት ኳስ መሬት ለመሬት ስትሄድ ጠጠር ነክታ ነጠረች፤ በጃያንትሱ ተጫዋች በሊንድስትሮም አናት ላይ አለፈች። የዋሽንግተኑ ሩል ሮጦ ገባና ነጥብ ሆነ። ዋሽንግተን 4 ለ 3 አሸነፈ!

ዕድል ነው የሚሉ አሉ። ጆንሰን ባይዝላቸው ኖሮ ግን ጠጠሯ ምን ትሠራ ነበር? ከተማዋ ይህን ዋንጫ ዳግም ያየችው በ2019 ነው።