ፒያኖ፣ ቀልድና የሆድ ድርቀት ማስቲካ

ክላሲካል ፒያኖ ሲባል ብዙ ሰው ትከሻው ይወጠራል። አታስል፣ አትንቀሳቀስ፣ መሃል ላይ እንዳታጨበጭብ። ሰሞኑን የድሮ የአሜሪካ ሬዲዮ ቅጂዎች ስሰማ ነው የሰነበትኩት፣ እዚያ ግን ፒያኖው እንዲህ ያለ ኩራት የለውም። ከቀልደኛው ቀጥሎ፣ ከዳንስ ባንዱ በፊት፣ በማስታወቂያ መሃል ይገባና የድርሻውን ተጫውቶ ይወጣል። ማንም አልተጎዳም። እንዲያውም ለእኔ ክላሲካል ሙዚቃ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ደህና ጎረቤት አላገኘም።

ኤን.ቢ.ሲ. የሚባለውን የአሜሪካ ሬዲዮ ድርጅት የመጀመሪያ ምሽት ውሰዱ፤ ኖቬምበር 15 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. ቦታው ኒውዮርክ፣ አሮጌው ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል፣ ዛሬ ኤምፓየር ስቴት የቆመበት ቦታ ማለት ነው። ዋልተር ዳምሮሽ የኒውዮርክ ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ይመራል። ፒያኖው ላይ ሃሮልድ ባወር አለ፤ ሰውየው ሙያውን የጀመረው በቫዮሊን ነው፣ ኋላ ነው የዞረው። የኦፔራዋ ሜሪ ጋርደን ከቺካጎ በሽቦ ትገባለች። ቀልደኛው ዊል ሮጀርስ ደግሞ ካንሳስ ቁጭ ብሎ የፕሬዚዳንት ኩሊጅን አነጋገር እየቀዳ ያሾፋል። ዌበርና ፊልድስ የሚባሉ ኮሜዲያኖች አሉ፣ ከነሱ ሌላ የዳንስ ባንዶች፣ እንዲህ እያለ እኩለ ሌሊት ያልፋል። ለሮጀርስ ብሎ ሬዲዮ የከፈተ ገበሬ ባወርን ሳይሰማ አይቀርም፣ ለባወር ብላ የከፈተች ወይዘሮም በፕሬዚዳንቷ ላይ ትስቃለች።

ፒያኖ ለዚያ ዘመን ሬዲዮ ጣጣ ነበር፣ ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ድምፁ ሲነሳ በድንገት ይፈነዳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሞታል። የካርቦን ማይክራፎን ፍንዳታውን ያደፈርሰዋል፣ የሚሞተውን ጫፍ ደግሞ የራሱ ሹክሹክታ ይውጠዋል። ከከተማ ከተማ የሚያስተላልፈው የስልክ መስመር ቀጫጭኖቹን ድምፆች ይቆርጣል። ስቱዲዮው ድምፅ እንዳያስተጋባ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል። ታላቁ ሩሲያዊ ፒያኒስት ራህማኒኖፍ በዚህ ሁሉ አኩርፎ ሲጫወት በሬዲዮ እንዲተላለፍ አይፈቅድም ነበር። አልፈርድበትም። ግን ፒያኖ የሌለው ጣቢያ ብዙም አልነበረም፤ መስመር ሲበጠስ ወይም እንግዳው ሲዘገይ ዘሎ ገብቶ ክፍተቱን የሚሞላ ተጠባባቂ ፒያኒስት ይቀመጥ ነበር። እኛ ሬዲዮ ላይ ያንን ሥራ ዋሽንትና ክራር ሲሠሩ ነው ያደግነው።

ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ቤት ተሰበሰብን። ከሐይቁ በኩል ነፋሱ ይመጣል፣ በረንዳው ላይ የአሳ ጥብስ አለ፣ መብራት እንደ ልማዱ ሄዷል። ስልክና አንዲት ትንሽ ስፒከር ብቻ። የ1930ዎቹን ቅጂዎች ከፈትኩ። ወጣቶቹ ወዲያው ስልካቸው ውስጥ ገቡ። የጓደኛዬ እናት ግን ጀበናውን ትተው ጆሮ ሰጡ።

«እማሆይ ጽጌ ማርያም ናቸው?» አሉ፣ ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሴ ማለታቸው ነው።

«አይደሉም እማማ፣ የአሜሪካ ሬዲዮ ነው፣ የድሮ።»

«ሲንሿሿማ የእኛን ፊሊፕስ ይመስላል!»

ከዚያ በኋላ ጨዋታው የእሳቸው ሆነ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥተው ሰፌድ ላይ ፀሐይ ያሰጡት ነበር፣ እንደ በርበሬ፣ ዶሮ እንዳይረግጠው እየጠበቁ፣ ለማታው ዜና እንዲደርስ። አንዳንዴ ዜናው መሃል ይሞታል። ሲመሽ ሱዳኑም አረቡም ይገባ ነበር አሉ፣ ቀን የማይሰማ ሁሉ። ምክንያቱ እውነት ነው፤ መካከለኛውን ሞገድ ቀን ቀን ፀሐይ ሰማይ ላይ የምትሠራው አንድ ሽፋን ይውጠዋል፣ ማታ ያ ሽፋን ይከስምና ሞገዱ ከላይኛው ሽፋን እየነጠረ አገር ያቋርጣል። የአሜሪካውም ገበሬ ሩቅ ጣቢያ የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ማታ ነበር።

አሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ ገርሽዊንን ስነግራቸው ሳቁ። በ1934 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ገርሽዊን የራሱ ፕሮግራም ነበረው፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ። ስፖንሰሩ ፊን-ኤ-ሚንት ነው። የሆድ ድርቀት ማስቲካ! ያ ታላቅ ሰው ፒያኖውን ሲጨርስ አስተዋዋቂው ሆድ ስለማለስለስ ይናገራል። ግን ፖርጊ ኤንድ ቤስ የሚለውን ኦፔራውን ለመጻፍ ፋታ የሰጠው ይኸው የማስቲካ ብር ነው፤ በዓመቱ መድረክ ላይ ወጣ።

ወጣቶቹን ከስልካቸው ያወጣቸው ግን ፒያኒስቱ አሌክ ቴምፕልተን ነው። ዌልሳዊ፣ ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር። ክላሲካሉን አጥርቶ ይጫወታል፣ ወዲያው ደግሞ ያሾፍበታል። በ1938 እ.ኤ.አ. የጥንቱን ክላሲካል ሙዚቃ ደራሲ የባችን አጻጻፍ ወስዶ ስዊንግ፣ ማለት የጃዝ ጭፈራ፣ አስጨፍሮበታል። ከታዳሚው ኖታዎች ይጠይቃል፣ አንዱ ይሄን፣ ሌላው ያንን ይላል፣ እሱ የተሰጠውን ይዞ እዚያው ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ይሠራል። ይህን ስተርክ እማማ አላስጨረሱኝም።

«ይሄማ አዝማሪ ነው!»

ነዋ! አዝማሪ ቤት «ተቀበል» ብለህ ግጥም ስትወረውር ማሲንቆው ይዞ ይመልስልህ የለ? እዚያው ያመሰግንሃል፣ እዚያው ያዋርድሃል፣ አንተም ትሸልመዋለህ። ሙያውም ሳቁም ከአንድ ሰው ነው የሚመጣው። እማማ ቴምፕልተንን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ የክላሲካል ፒያኖውን ደራሲ ሾፓንን ስከፍት ማንም ወደ ስልኩ አልተመለሰም፤ ሰው ስቆ ስለነበር ጆሮው ክፍት ነው። ሾፓንን መጀመሪያ ብከፍተው ኖሮ አሳው ብቻ ነበር የሚበላው።

ስለዚህ ኮንሰርት የምታዘጋጁ ወገኖች፣ እባካችሁ ያንን የቀብር ፊት ተዉት። አንድ ጨዋታ አዋቂ አስገቡ፣ አንድ ማሲንቆ አስገቡ፣ ፒያኖውን መሃላቸው አስቀምጡት።

እኛ በሚቀጥለው ወር እንደግመዋለን። ማሲንቆ የሚመታ ልጅ አግኝተናል፣ ቀልዱን ጓደኛዬ ይዟል። የጎደለው ፒያኖ ነው፤ ኪቦርድማ ሞልቷል። ባሕር ዳር ውስጥ የተቃኘ ፒያኖ ቤቱ ያለው ሰው ካለ ያሳውቀኝ፣ አሳውንም ቡናውንም ተሸክመን እንመጣለን።